የስሜን ተራሮችን በዘይት ቀለም መሣል፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ብሩሽ ለሚይዙ

ተራራ ሣሉ ሲባል የብዙዎቻችን እጅ ወደ ሦስት ማዕዘን ይሄዳል። ሹል ጫፍ፣ ግራና ቀኝ ተዳፋት፣ አናቱ ላይ ነጭ በረዶ። በኢንተርኔት የምናያቸው የሥዕል ትምህርቶችም አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩን ይህንኑ ነው።

ከደባርቅ ወጥቶ፣ ሳንካበርን አልፎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ግን ሌላ ነው። አናቱ የተደለደለ አምባ አለ። ከአምባው ጠርዝ ገደሉ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ከሥሩ እርከን፣ ከእርከኑ ሥር ደግሞ ሌላ ገደል። አንዳንድ ቦታ ቁልቁለቱ እስከ 1,500 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ሸንተረር ከሸንተረር ጀርባ እየተደረደረ፣ ሰማያዊ እየሆነና እየደበዘዘ ሄዶ ከሰማዩ ጋር ይቀላቀላል።

ይህን ትዕይንት ለመጀመሪያ ሥዕል የመረጥኩት ስለምወደው ብቻ አይደለም። ለጀማሪ በጣም ይመቻል። ሰው የለበትም፣ ቤት የለበትም፣ ልኩ ካልሆነ ዓይን የሚወጋ ነገር የለበትም። የሚጠይቃችሁ አንድ ትልቅ ነገር ነው፤ ርቀትን በቀለም ማሳየት።

እኔ የመጀመሪያ ሸራዬ ላይ ሦስት ሸንተረር ሣልኩ። ሦስቱንም በአንድ አረንጓዴ ቀባኋቸው። ቅርጻቸው ደህና ነበር። ግን ሩቁም ቅርቡም እንደ አንድ ግድግዳ ተጣብቀው ቆሙ። ያስተማረኝ ሠዓሊ ምንም ሳይናገር ፓሌቴ ላይ፣ ማለትም ቀለም በምለውስበት ሰሌዳ ላይ፣ ነጭና ሰማያዊ ለወሰና በሩቁ ተራራ ላይ አንድ ጊዜ ጎተተው። ተራራው ዓይኔ እያየ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ ያንን አንድ ነገር እናንተም እንድታዩት ነው።

ምን ምን ያስፈልጋል?

ቀለም አታብዙ። አምስት ቲዩብ ይበቃል። ቲታኒየም ነጭ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ በርንት ሲየና የሚባለው ቀይ ቡናማ፣ የሎው ኦከር የሚባለው የአፈር ቢጫ፣ እና አሊዛሪን ክሪምሰን የሚባለው ጥቁር ቀይ። ነጩን ተለቅ ያለ ቲዩብ ግዙ፤ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ጥቁር አትግዙ። አረንጓዴም አትግዙ። ሁለቱንም ራሳችን እንለውሳቸዋለን፣ የምንለውሰው ደግሞ ከቲዩብ ከሚወጣው ይልቅ ለተራራ ይስማማል።

ብሩሽ ሦስት። አንዱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጠፍጣፋ፣ አንዱ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል፣ አንዱ ቀጭን። ፀጉራቸው ጠንከር ያለ ይሁን። ለውሃ ቀለም የሚሆነው ለስላሳ ብሩሽ የዘይት ቀለምን መግፋት አይችልም። ከብሩሾቹ ጋር አንድ የፓሌት ቢላ ያዙ። ቀለም መለወሻም ነው፣ ገደል መሣያም ነው።

ሸራ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከዚህ ካነሰ እጅ ይጨነቃል፣ ከዚህ ከበለጠ ቀለም ይፈጃል። ተወጥሮ የሚሸጠው ሸራ ብዙውን ጊዜ ነጭ መሠረት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። አቡጀዴ ገዝታችሁ ራሳችሁ በእንጨት ፍሬም ላይ ከወጠራችሁ ግን መሠረቱን እናንተ መቀባት አለባችሁ። ጨርቁ እርቃኑን ከሆነ ዘይቱን ይጠጣና ከጊዜ በኋላ ይበሰብሳል። ሁለት እጅ የሠዓሊ ጄሶ ይበቃዋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚገዛው የግድግዳ ጄሶ ለዚህ አይሆንም። ያ ሸራው ትንሽ ሲታጠፍ ተፈርፍሮ ይረግፋል። የሥዕል ዕቃ የሚሸጥበት ሄዳችሁ ለሸራ የሚሆነውን ጠይቁ።

ቀለሙን ማቅጠኛ ተርፐንታይን ወይም ሽታው የቀነሰ ማቅጠኛ፣ እና ትንሽ ጠርሙስ የተልባ ዘይት። የዘይት ቀለም ማለት በአብዛኛው በተልባ ዘይት የተለወሰ የቀለም ዱቄት ነው። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ራሱ ይጠነክራል። ለዚህ ነው ሥዕሉ ቆዳ አውጥቶ የሚደርቀው። ለምግብ የምንጠቀምባቸው እንደ ኑግና እንደ ፓልም ያሉ ዘይቶችን ከቤት አንስታችሁ አትጨምሩ። ፓልም ፈጽሞ አይደርቅም፣ ሌላውም ለሥዕል ስላልተጣራ መጨረሻው አይታወቅም።

መስኮት ክፈቱ። የተርፐንታይን ሽታ ራስ ያሳምማል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥም ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ማቅጠኛውን ክዳን ባለው ብልቃጥ አድርጉት እንጂ በሻይ ብርጭቆ አታድርጉት። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ።

ፎቶው

ስሜን ድረስ መሄድ የቻለ ይሂድና የራሱን ፎቶ ያንሳ። ያልቻለ ጓደኛው ያነሳውን ይለምን። የእንጦጦ ወይም የየረር ፎቶ ካላችሁም አሠራሩ ያው ነው። ዋናው ነገር ሦስት ወይም አራት ሸንተረር አንዱ ከሌላው ጀርባ ይታይ፤ ፀሐይዋም ከጎን ትምጣ። በስሜን ትልቁ ገደል ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። እሱን ይዛችሁ ወደ ቆላው ስትመለከቱ የጠዋት ፀሐይ ከቀኛችሁ ትመጣለች። ቀትር ላይ የተነሣ ፎቶ ጥላ ስለሌለው ገደሉ ሁሉ ልሙጥ ይመስላል።

ፎቶውን በስልካችሁ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩና ሁለቱንም አጠገባችሁ አድርጉ። ባለቀለሙ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ይነግራችኋል፣ ጥቁርና ነጩ ምን ያህል ጥቁር እንደሆነ። ለርቀት የሚያስፈልገው በተለይ ሁለተኛው ነው።

ሸራውን ማሞቅ

ነጭ ሸራ ያስፈራል። ዓይንንም ያታልላል፤ ነጭ ላይ ያረፈ ማንኛውም ቀለም ከልኩ በላይ ጥቁር ይመስላል። ስለዚህ ትንሽ በርንት ሲየና በብዙ ተርፐንታይን አቅጥኑና ሸራውን በሙሉ ቀቡት። ወዲያው በጨርቅ ጠርጉት። ፈዘዝ ያለ የሸክላ ቀለም ይቀራል። ለአንድ ቀን ተዉት።

በማግስቱ በዚያው ቡናማ፣ በቀጭኑ ብሩሽ ንድፉን አውጡ። እርሳስ ባትጠቀሙ እመርጣለሁ። እርሳስ ዝርዝር ውስጥ ያስገባል። አራት መስመር ነው የምትፈልጉት፤ የሩቁ ሸንተረር፣ የሁለተኛው፣ የትልቁ አምባ፣ እና እናንተ የቆማችሁበት የአፋፉ ጠርዝ። ሰማዩ ከሸራው አንድ ሦስተኛ አይብለጥ። አምባውን መሐል ላይ አታቁሙት፤ ትንሽ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ግፉት።

ይህን ስትሣሉ እጃችሁ ሦስት ማዕዘን ሊሠራ ይሞክራል። ቁም በሉት። የስሜን ተራራ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አንዱ የቀለጠ ዓለት በሌላው ላይ እየፈሰሰ፣ እንደ እንጀራ ተደራርቦ የተሠራ ነው። ኋላ ውሃ እየሸረሸረ ገደል አደረገው። ስለዚህ መስመሩ ሲወርድ እንደ ደረጃ ነው የሚወርደው። ቀጥ ይልና ዘንበል ይላል፣ እንደገና ቀጥ ይላል። ይህችን ደረጃ ከያዛችሁ ሌላውን ብትስቱ እንኳ ያየ ሁሉ «ይሄማ ስሜን ነው» ይላል።

አራቱ ክምር

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ይህን ነው። ብሩሹን አስቀምጡ። ቢላውን አንሱ። ለአራቱ ርቀቶች አራት የቀለም ክምር አስቀድማችሁ ለውሱ። ጀማሪ እየቀባ ነው የሚለውሰው፣ ለዚህ ነው የሚጠፋው።

መጀመሪያ አልትራማሪንና በርንት ሲየናን ለብቻ አቀላቅላችሁ እዩ። ጥቁር የሚያህል ቀለም ይወጣል። ሰማያዊው ሲበዛ ብርድ ብርድ የሚል ግራጫ፣ ቡናማው ሲበዛ ሙቀት ያለው ግራጫ ይሆናል። ተራራው ሁሉ የሚሠራው ከዚህ ጥንድ ነው። ነጭ ጨምሩበትና ለውጡን እዩ። አሥር ደቂቃ ብትጫወቱበት አታጡም።

የመጀመሪያው ክምር የሩቁ ሸንተረር ነው። ብዙ ነጭ አስቀምጡና ትንሽ አልትራማሪን፣ ከዚያም የክብሪት ራስ የምታክል ክሪምሰን ጨምሩ። ሁልጊዜ ከነጩ ተነሡና ጥቁሩን ጨምሩበት። ከጥቁሩ ተነሥታችሁ ለማንጣት ብትሞክሩ የነጩ ቲዩብ ያልቃል። የሚወጣው ፈዛዛ ሐምራዊ ሰማያዊ ከሰማዩ በጥቂቱ ብቻ ይጠቁር። «ይሄ እንዴት ተራራ ይሆናል» ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ ልኩን አግኝታችኋል።

ለሁለተኛው ከመጀመሪያው ክምር ግማሹን ቆርሳችሁ ሰማያዊና ትንሽ በርንት ሲየና ጨምሩ። ለሦስተኛው ከሁለተኛው ቆርሳችሁ ኦከር አግቡበት። አልትራማሪንና ኦከር ሲገናኙ አረንጓዴ ይሆናሉ፤ የማይጮህ፣ አቧራ የነካው አረንጓዴ። አራተኛው የቅርቡ ነው። እዚህ ነጭ የለም ማለት ይቻላል። አልትራማሪን፣ በርንት ሲየና፣ ኦከር። ጥቁርና ሞቃት ይሁን።

አንዱን ከሌላው እየቆረሳችሁ ስለሠራችሁት አራቱ ቤተ ዘመድ ናቸው። ሸራው ላይ አይጣሉም።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ማወቅ እጃችሁን ያበረታዋል። በእኛና በሩቁ ተራራ መካከል ያለው ብዙ አየር ነው። አየሩ የፀሐይን ብርሃን ሲበትን ከሁሉ አብልጦ የሚበትነው ሰማያዊውን ነው። ተራራው በራቀ ቁጥር በመካከላችን የሚገባው ሰማያዊ ብርሃን ይበዛል፤ ጥቁሩ ጥላ ይነጣል፣ አረንጓዴው ይጠፋል። ስለዚህ ሩቅ ያለ ጫካ አረንጓዴ መሆኑን ብታውቁም አረንጓዴ አትቀቡት። ዓይናችሁ ያየውን ቀቡ።

ከላይ ወደ ታች፣ ከሩቅ ወደ ቅርብ

በሰማዩ ጀምሩ። በትልቁ ብሩሽ ላይኛውን ክፍል በነጭና በአልትራማሪን ቀቡ። ወደ ተራራው ስትወርዱ ነጩን አብዙና ትንሽ ኦከር አሳርፉበት። ከአድማስ ጋር የሚገናኘው ሰማይ ሁልጊዜ ከአናቱ ይነጣል። ብሩሹን ወደ ጎን፣ ወደ ሰያፍም አንቀሳቅሱት። የብሩሹ ዱካ ቢታይ ችግር የለውም። ዱካው እስኪጠፋ ከለሰለሰ ሰማዩ የተለሰነ ግድግዳ ይመስላል።

ሰማዩ ሳይደርቅ የሩቁን ሸንተረር ቀቡ። ጠርዙ ከሰማዩ ጋር ትንሽ ይቀላቀል፤ ሩቅ ነገር ጠርዙ ስለት የለውም። ሁለተኛውን ስትቀቡ ጠርዙ ትንሽ ይጥራ። ሦስተኛው፣ ማለትም ትልቁ አምባ፣ በደንብ ይጥራ። አንድ ሸንተረር በቀባችሁ ቁጥር ብሩሹን በጨርቅ ጥረጉ። ካልጠረጋችሁ ፓሌታችሁ በግማሽ ሰዓት ጭቃ ይሆናል።

በሸንተረሮቹ መካከል ያለውን ሸለቆ አስተውሉ። ጠዋት ጉም እዚያ ነው የሚያድረው። የእያንዳንዱን ሸንተረር የታችኛውን ጫፍ ገና እርጥብ ሳለ በንጹሕ ደረቅ ብሩሽ ቀስ እያላችሁ አደብዝዙት፤ ከራሱ አናት ትንሽ ነጣ ይበል። ከፊቱ የሚመጣው ሸንተረር ጥቁር አናት በዚያ ንጣት ላይ ሲያርፍ በሁለቱ መካከል አገር ይከፈታል። ይህን ያየሁበትን ቀን አልረሳውም።

አሁን አምባው። መጀመሪያ ሙሉውን በሦስተኛው ክምር፣ በጥላው ቀለም ቀቡት። ከዚያ ብርሃኑን አምጡ። ነጭ፣ ኦከር፣ ትንሽ በርንት ሲየና ለውሱ፤ የጠዋት ፀሐይ የነካው ዓለት ነው። በቢላው ጠርዝ ትንሽ አንሱና ፀሐይ የሚመታውን ፊት ብቻ፣ ሳትጫኑ፣ ከላይ ወደ ታች ሳብ አድርጉት። ቀለሙ እየተቆራረጠ ይያዝ። ያ መቆራረጥ ራሱ ዓለቱ ነው። እርከኑ ጋ ስትደርሱ አቁሙ፣ በብሩሽ አግድም ትንሽ አረንጓዴ ጣል አድርጉ፣ ከዚያ ለቀጣዩ ገደል እንደገና ቢላውን አንሱ።

በዚህ ጊዜ እጅ ማቆም ይቸግራል። ቢላው ደስ ይላል፣ ሁሉንም ገደል በብርሃን መሙላት ያምራል። ከሙሉው አምባ ብርሃን የሚያገኘው ግማሹ እንኳ አይሙላ። ጥላውን ተዉለት። ጥላውም ጥቁር ሳይሆን ሰማያዊ መሆኑን አስታውሱ።

ከተበላሸ በቢላው ፍቃችሁ አንሱት፣ በጨርቅ ጠርጉት፣ እንደገና ቀቡት። ዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ለጀማሪ ትልቁ በጎነቱ ይህ ነው።

እዚህ ስትደርሱ ሦስት ሰዓት ያህል አልፏል። አቁሙ። ሸራውን ግድግዳ ላይ አስደግፉትና ለጥቂት ቀናት ተዉት።

የቅርቡ መሬት

ከአራት ወይም ከአምስት ቀን በኋላ በጣት ጫፍ ነካ አድርጉት። ካልያዛችሁ ቀጥሉ። በክረምት ከሆነ ይዘገያል።

አሁን የምትቀቡት ላይ ጥቂት የተልባ ዘይት ጨምሩ። በዘይት ሥዕል ሕግ ከሥር ያለው ስስ፣ ከላይ ያለው ዘይት የበዛበት ይሁን። ዘይት የበዛበት ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። እሱ ከሥር ከሆነና ላዩ ቀድሞ ከደረቀ፣ የታችኛው ገና ሲንቀሳቀስ የላዩ ይሰነጠቃል። ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ሲበዛ ይንሸራተታል፣ ከጊዜም በኋላ ቢጫ ይሆናል።

የቆማችሁበትን አፋፍ በአራተኛው ክምር ቀቡ። ከዚያ ሣሩን። በበጋ የስሜን ጓሳ ወደ ወርቅማ ቢጫ ይመለሳል፤ ኦከርና ነጭ ሆኖ አንዳንድ ቦታ በርንት ሲየና የነካው። በመካከለኛው ብሩሽ ከታች ወደ ላይ ፈጠን አድርጋችሁ ምቱት። እያንዳንዱን ሣር አትቁጠሩ። ሁለት ሦስት ቦታ ጎላ አድርጉ፣ ሌላው በጅምላ ይለፍ።

አንድ ጅብራ ትከሉ። «እንደ ጅብራ ተገትሮ» የምንለው ይህንን ተክል ነው፤ ሰውን በቁመት የሚበልጥ፣ ብቻውን ቀጥ ብሎ የሚቆም። አንድ ቀጥ ያለ ጥቁር ምት፣ ከሥሩ ወደ ውጭ የተበተኑ ቅጠሎች፣ በፀሐይዋ በኩል ቀጭን የብርሃን መስመር። ከሸራው ጠርዝ ትንሽ ገባ ብሎ ይቁም፣ አናቱም ሩቁን ፈዛዛ ሸንተረር አቋርጦ ይለፍ። ከሁሉ የጠቆረው ነገር ከሁሉ የፈዘዘው ላይ ሲያርፍ ርቀቱ በአንድ ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ዋልያም ጭላዳም ልጨምር ትሉ ይሆናል። ለመጀመሪያው ሥዕል አንዱ ጅብራ ይብቃ፤ እንስሳ ገባ ማለት ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ሄደ ማለት ነው፣ እግሩ ትንሽ ቢጣመም ሥዕሉን ይዞት ይወድቃል።

ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት። አራቱ ርቀቶች ተለይተው ከታዩ ጨርሳችኋል። ሁለቱ ከተጣበቁ የኋለኛውን በትንሽ ነጭና ሰማያዊ አደብዝዙት። ከዚያ በላይ አትነካኩት። ጥግ ላይ ፈርሙ።

ካለቀ በኋላ

ብሩሹን መጀመሪያ በጨርቅ፣ ቀጥሎ በተርፐንታይን፣ በመጨረሻ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ እጠቡ። አረፋው ነጭ እስኪሆን ድረስ። የቆሸሸውን ተርፐንታይን የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ አትድፉ፤ ክዳን ባለው ብልቃጥ አስቀምጡት። ቀለሙ ከታች ይዘቅጣል፣ የጠራው ከላይ ተቀድቶ እንደገና ይሠራል።

የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ግን አደገኛ ነው። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። ጨርቁ ተጨማድዶ በአንድ ላይ ከተከመረ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ይችላል። አንድ በአንድ ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ባለበት የብረት ጣሳ ውስጥ ነክራችሁ ክደኑት። ጨርቁን ጠቅልሎ ቅርጫት ውስጥ መጣል አይገባም።

ሥዕሉን ብርሃን በሚያገኝበት ክፍል ስቀሉት፤ ፀሐይ በቀጥታ አይምታው። ጨለማ ቦታ ከተቀመጠ የተልባ ዘይቱ ወደ ቢጫነት ያዘነብላል። ቫርኒሽ ለመቀባት ቢያንስ ስድስት ወር ጠብቁ፤ ቢላ የነካው ወፍራሙ ቦታ ከላይ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ገና ነው።

ፓሌቱ ላይ የተረፈውን ቀለም አትጣሉት። በቢላው ሰብስባችሁ በአንድ ላይ ለውሱት። ደስ የሚል ግራጫ ይወጣል። በተርፐንታይን አቅጥናችሁ የሚቀጥለውን ሸራ ቀቡበትና አድርቁት።